ቁጥር ስለሌላቸው ሰኞ ሊጣሉ የተፈረደባቸው መጻሕፍት

ይድረስ ለክቡር የከተማው ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ግልባጭ፦ ለሶፍትዌር አነጻጻሪ ኮሚቴ ሰባት አባላት፣ በየተቀመጡበት፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ሃያ ሁለት ስብሰባ የተሸከመው የኮሚቴው አባላት ወገብም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን የታመመው በራሱ ጊዜ እንጂ በቤተ መጻሕፍቱ አርባ ስምንት ደረጃ ምክንያት አለመሆኑን አስቀድሜ በመግለጽ፣ ከዚህ በታች ከምዘረዝረው አቤቱታ አንድ ነጥብ ልቀንስልዎ እወዳለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ በማተሚያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት አራሚ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ የአባልነት ቁጥሬ አርባ አንድ የሆነ፣ ከመስኮቱ ሥር ሦስተኛው ወንበር ላይ የምቀመጥ አሮጊት ነኝ። ኮሚቴው የአንባቢ ተወካይ ባስፈለገው ጊዜ እኔን መምረጡ አክብሮኛል። የመረጠኝ ዝም ትላለች ብሎ ከሆነም አልቀየምም፤ ሰው ይሳሳታል።

ነገሩን ያልሰማ ሰው እንዳይቸገር ከሥሩ ልጀምር። ዓምና የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ በኢንተርኔት ወደሚሠራ ሶፍትዌር እንዲዛወር፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የትኛው መጽሐፍ እንዳለና የትኛው እንደተወሰደ በስልኩ እንዲያይ ተወሰነ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ያመጣውን ሰው እግዜር ይስጠው። ሦስት ሶፍትዌሮች ቀረቡ፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሚሻል የሚያነጻጽር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም እያንዳንዳቸው በሰዓት ስንት መጽሐፍ እንደሚመዘግቡ ይለካ ጀመር። አዳዲሶቹ መጻሕፍት ጀርባቸው ላይ ቁጥርና ጥቋቁር መስመር ስላላቸው፣ ማንበቢያው ጢጥ ሲል አርእስቱም ደራሲውም በራሳቸው ተጽፈው ይመጣሉ። እዚሁ በእኛው ማተሚያ ቤቶች በድሮ ጊዜ የታተሙት ግን ቁጥር የላቸውም። እነሱ ጋ ሲደረስ ሦስቱም ሶፍትዌሮች ቆሙ፤ የሦስቱም ውጤት አሽቆለቆለ። ኮሚቴውም ነገሩን በጥሞና ከመረመረ በኋላ ጥፋተኞቹን አገኘ፤ ጥፋተኞቹ መጻሕፍቱ ነበሩ። ንጽጽሩ እንዳይዛባ በሚል አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ መጻሕፍት ከመደርደሪያ ወርደው፣ በኋላው ኮሪደር፣ በመጸዳጃ ቤቱና በተሰበሩት ወንበሮች መካከል ተከመሩ። የፊታችን ሰኞ መኪና መጥቶ ወደ ወረቀት መፍጫ እንደሚወስዳቸውም ማስታወቂያ ተለጠፈ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለካ የአሠራር ዘዴ ኖሯል።

እንግዲህ በትዕግሥትዎ ተማምኜ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው ነገር ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁና።

አንደኛ። በማሳያው ቀን፣ ሦስቱ ሶፍትዌሮች በሦስት ስክሪን ተደርድረው ሳለ አንድ መጽሐፍ እንዲፈልጉልኝ ጠየቅሁ፤ የእጅ ሰዓቴንም አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። መጽሐፉ የከተማው የውኃ መስመር ከመሬት በታች በየት በየት እንደሚያልፍ በሥዕል የሚያሳይ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት የታተመ ነው። የጠየቅሁት ለራሴ አልነበረም። ጎረቤቴ ቧንቧ ሠራተኛው መንገድ ከመቆፈሩ በፊት ሁልጊዜ መጥቶ የሚያየው እሱን ነው፤ “እትዬ፣ ያ መጽሐፍ ከጠፋ እኮ ሰፈሩን እንደ ድንች ማሳ ነው የምገለብጠው” ብሎኛል፤ ሲገለብጥም የእርስዎ ቢሮ ያለበት ጎዳና እንደማይቀር አክሎ ነግሮኛል።

የመጀመሪያው ሶፍትዌር፣ ነጻ ነው የሚባለው፣ “ምንም አልተገኘም” አለ። ሁለተኛው “ይህን ፈልገው ይሆን?” ብሎ በባዕድ ቋንቋ ስለ ዓሣ እርባታ የተጻፈ መጽሐፍ ከነሽፋኑ አቀረበልኝ፤ ሽፋኑ እጅግ ያምር ነበር። ሦስተኛው አንድ ክብ ነገር ብዙ ጊዜ ሲያሽከረክር ቆይቶ “ስሕተት ተፈጥሯል፤ እባክዎ አስተዳዳሪውን ያነጋግሩ” አለኝ። የታዘዝሁትን ለመፈጸም ወደ እርስዎ ዞርሁ፤ እርስዎ ግን ስልክ ላይ ነበሩ።

ክቡ ገና ሲሽከረከር የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ፣ ከመጻሕፍቱ ዝርዝር ካርድ መሳቢያዎች ስለማይለዩ አንባቢዎች “ጋሽ መሳቢያ” የምንላቸው፣ ማንም ሳያዛቸው ወጥተው ነበር። መጽሐፉን በእጅጌያቸው አቧራውን እየጠረጉ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት። በእጅ ሰዓቴ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው፤ የኮሪደሩን ቁልፍ ከዘበኛው ለመቀበል የቆሙበትን ጨምሮ። ኮሚቴው ግን ምንም ነጥብ አልሰጣቸውም። ምክንያቱን የኮሚቴውን ጸሐፊ ብጠይቅ፣ ጋሽ መሳቢያ በኢንተርኔት የሚሠሩ ባለመሆናቸው ለውድድሩ ብቁ እንዳልሆኑ በትሕትና አስረዱኝ። ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ሦስቱም ሶፍትዌሮች ደራሲን በቤተሰብ ስም መዝግቡ ስለሚሉ፣ ኮሚቴው በእኛ በኩል ደራሲዎች ሁሉ በአባታቸው ስም እንዲመዘገቡ ወሰነ። ስለዚህ ከእንግዲህ ደራሲን ለማግኘት አባቱን ማወቅ ግድ ሆኗል። አንዲት ከልጅነቴ ጀምሮ የማነብባትን ደራሲ በስሟ ብፈልጋት የለችም፤ አባቷን ብጠራቸው ግን አቤት አለች። በልጅነቴ “የማን ልጅ ነሽ?” የምባለው ጥፋት ሳጠፋ ነበር፤ መጽሐፍ መጻፍም ከጥፋት መቆጠሩን ሳላውቅ በመኖሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ። ሁለተኛው ሶፍትዌር ለሙከራ ማዋሻው ጠረጴዛ ላይ በተጫነ በሳምንቱ የኢንተርኔት መስመር ተቋረጠ። የነርስነት ፈተና የነበረባት የባልደረባዬ ልጅ የምትፈልገው መጽሐፍ፣ አዲስ ነው፣ ቁጥርም አለው፣ ዓይኗ እያየው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ እሷ ግን “ሲስተም የለም” ተብላ ባዶ እጇን ተመለሰች። መዝገቡ ሁሉ ያለው “ደመና” በሚሉት የሩቅ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ምንም ማድረግ እንደማይቻል ተነገረን። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እንደ ቀልድ እሰማው ነበር፤ የሥራ ዕቅድ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

አራተኛ። በበሩ ላይ የተለጠፈው የማስወገጃ ማስታወቂያ በአራት መስመር ውስጥ አምስት ስሕተት ነበረበት፤ በቀይ እስክሪፕቶ አርሜ መልሼ ለጥፌዋለሁ፤ ምስጋና አያስፈልግም።

አምስተኛ። የሚጣሉት መጻሕፍት የትኞቹ እንደሆኑ ኮሚቴው ለማየት ጊዜ ስላላገኘ እኔ ልንገርዎ። ስለ አስቸጋሪ ወሊድ አንዲት አዋላጅ የአርባ ዓመት ሥራዋን የጻፈችበት አለ፤ የጤና ጣቢያው ነርሶች እስከ ዛሬ እየመጡ ከእሱ ይገለብጣሉ። የንብ አያያዝ አለ፤ የሰዋስው መጽሐፍ አለ፤ የቀድሞ ዳኞች ፍርድ ስብስብ አለ፤ ወላጆቻችሁ ፊደል የለዩበት የመጀመሪያ ደረጃ መማሪያ አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀው የግጥም መድበልም አለ፤ እሱን እንኳ አንብቤዋለሁ፤ ማንም ያልጠየቀው በምክንያት ነው። ቢሆንም አስቀያሚ ስለሆነ ብቻ ከቤት የሚጣል ልጅ የለም። ከእነዚህ ውስጥ ስልሳ ያህሉ ከመታተማቸው በፊት ፊደል በፊደል በዓይኔ ሥር ያለፉ ናቸው። ዓይኔ የደከመው በእነሱ ነው፤ ዓይኔን መልሱልኝ አልልም፤ መጻሕፍቱን ግን አትፍጩብኝ እላለሁ። የብዙዎቹ ሌላ ቅጂ የት እንዳለ ጋሽ መሳቢያ አያውቁም፤ እሳቸው ካላወቁ የለም ማለት ነው።

ስድስተኛ። ስለ እሳቸው ካነሣሁ አይቀር፣ ጋሽ መሳቢያ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ንብረት ክፍል ተዛውረው የተሰበሩትን ወንበሮች እንዲጠብቁ፣ ባለ ሠላሳ ስድስት መሳቢያው የካርድ ሣጥናቸውም ተነሥቶ በቦታው የውኃ ማቀዝቀዣ እንዲቆም መታዘዙን ሰምቻለሁ። የውኃ ጠላት አይደለሁም። ነገር ግን ሲስተሙ የማያውቃቸውን መጻሕፍት ሊዘረዝር ስላልቻለ፣ የሚጣሉትን ዝርዝር በእጃቸው እንዲጽፉ የታዘዙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ አርእስት ከነደራሲው፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው፣ አንድ ስርዝ ድልዝ ሳይኖርበት ጻፉ። በማውቃቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ዝርዝሩን ጨርሰው ብዕራቸውን ሲከድኑ “እትዬ፣ የቀብር መዝገብ እኮ ነው ያጻፉኝ” አሉኝ፤ ያኔም ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ሰባተኛና የመጨረሻው። ሶፍትዌሮቹን ለመግጠም የመጣችውን የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የሚያስቸግራትን ገመድ ስትፈታ አግኝቻት፣ ቁጥር የሌለው መጽሐፍ ስለምን እንደማይመዘገብ ጠየቅኋት። ግራ ገብቷት አየችኝ። “ማን አለ አይመዘገብም፣ እማዬ? የቁጥሩን ቦታ ባዶ መተው ነው፤ አርእስቱን ሰው ይጻፈዋ!” አለችኝ። ከሦስቱ በየትኛው እንደሚቻል ብጠይቃት በሦስቱም አለች። ለአንዱ መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ብጠይቃት አራት ደቂቃ አለች። ታዲያ ይህን ለኮሚቴው ስለምን እንዳልነገረች ብጠይቃት ትከሻዋን ሰብቃ “አልጠየቁኝማ!” አለች። ብትቆጡ እኔን ተቆጡ እንጂ እሷን አትንኳት፤ የተጠየቀችውን ከመመለስ በቀር ያጠፋችው የለም።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ በኋላ ቤቴ ገብቼ አሰላሁ። ለአንድ መጽሐፍ አራት ደቂቃ ከሆነ፣ ለሁሉም ሰማንያ አራት ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰው በቀን ሰባት ሰዓት ቢሠራ በስድስት ቀን ይጨርሰዋል። ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ደግሞ ሃያ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሦስት ሦስት ሰዓት ተሰብስበዋል። በዚያ ሰዓት መጻሕፍቱን በሙሉ አምስት ጊዜ መመዝገብ ይቻል ነበር፤ ከመመዝገብ መመካከሩ እንደሚበልጥ ግን የኮሚቴውን ጥበብ አልጠራጠርም።

የማሽን ጠላት ናት እንዳይሉኝ የበኩሌን ንጽጽርም ላቅርብ። ሰው አርባ ስምንት ደረጃ ወጥቶ የፈለገው መጽሐፍ መወሰዱን ከሚሰማ፣ ቤቱ ሆኖ ቢያውቀው በረከት ነው። ከሦስቱ ሶፍትዌሮች እኔ የምመርጠው የመጀመሪያውን፣ ነጻ የተባለውን ነው። ባለሙያዋ እንዳለችኝ፣ ኮዱ፣ ማለትም የተሠራበት ጽሑፍ፣ ለማንም ክፍት ስለሆነ ደራሲዎቻችን በገዛ ስማቸው እንዲጠሩ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል፤ እዚሁ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀመጥም የውጭው መስመር ቢቋረጥ ማዋስ አያቆምም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማያውቀውን ሲጠይቁት አላውቅም ይላል። ይህ ጠባይ በዚያ ቀን በአዳራሹ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ በእሱ ብቻ የታየ ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። ከበሩ አጠገብ በመስተዋት ተከድኖ የተሰቀለውን፣ በእርስዎ ፊርማ የጸደቀውን የቤተ መጻሕፍቱን ደንብ ስላወጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ የተማርሁበት ትምህርት ቤት የተለጠፈ ነገር ሳያነብ የሚያልፍ ልጅ ቆሞ ይውል ስለነበር፣ ደንብዎን በሙሉ አንብቤዋለሁ። አንቀጽ ስድስት አንድ አባል በአንድ ጊዜ ሦስት መጽሐፍ ለአሥራ አምስት ቀን መዋስ እንደሚችል፣ ሌላ ጠያቂ ከሌለም ውሰቱ እንደሚታደስ ይናገራል። አንቀጽ አሥራ አንድ ደግሞ በውሰት ላይ ያለ መጽሐፍ ተመልሶ ሳይመረመር እንደማይሰረዝና እንደማይወገድ ይደነግጋል። እንዴት ያለ ቆንጆ ደንብ ነው!

ከረቡዕ ጧት እስከ ዛሬ ቅዳሜ እኩለ ቀን ድረስ አራት መቶ ሃያ አባላት ወደ ቤተ መጻሕፍትዎ መጥተው ሦስት ሦስት መጽሐፍ ተውሰዋል። ሰልፉ እስከ መንገዱ ማዕዘን ደርሶ ስለነበር፣ ያየ ሰው ስኳር መጣ ብሎ ሳይሰለፍ አልቀረም፤ እንዲህ ተሰልፈው ደርሰው ያወቁ ሁለት ሴቶችም “ከተሰለፍን አይቀር” ብለው አባል ሆነው ወስደዋል። ቧንቧ ሠራተኛው የውኃ መስመሩን መጽሐፍ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ወሰደ። ነርሶቹ አዋላጇን ወሰዱ። ፀጉር አስተካካዩ የዳኞቹን ፍርድ ወስዶ ለተራ ጠባቂዎች ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ከትናንት ጀምሮ በሱቁ ክርክር እንጂ መላጨት የለም ይባላል። ከእድሜዬ ጋር የሚተካከል፣ መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ አንድ ጎረቤቴ ከሁሉም ወፍራሞቹን ሦስት መርጦ “ሳልጨርስ ብመልስ ሰው አይደለሁም!” ብሎ ሲምል ሰምቼዋለሁ። የግጥም መድበሉን እኔ ወስጃለሁ፤ ሌላ የሚወስደው አልተገኘም። ከእርስዎ ቢሮ ሠራተኞች እነማን እንደወሰዱ ግን አልናገርም፤ በቁጥር ብዙ ናቸው።

ሲስተሙ ስለማያውቃቸው እያንዳንዱን ውሰት በካርድ ላይ ጽፈው፣ አስፈርመው፣ ማኅተም የመቱት ጋሽ መሳቢያ ናቸው። እስከ ሰኞ ድረስ የካርድ ክፍል ሠራተኛ በመሆናቸው የሠሩት የመደበኛ ሥራቸውን ብቻ ነው፤ አንድም ደንብ አልጣሱም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በምጽፍበት ሰዓት ኮሪደሩ ውስጥ የቀሩት የተሰበሩት ወንበሮች ብቻ ናቸው።

የመመለሻው ቀን ሲያልፍ ይቀጡናል የሚል ስጋት ከአባላት ተነሥቶ ነበር። ሲስተምዎ እነዚህ መጻሕፍት የሉም ስለሚል፣ የሌለ መጽሐፍ ደግሞ ሊዘገይ ስለማይችል አይዟችሁ ብያቸዋለሁ። ለክብርዎ ሲባል ግን እንዲህ ተስማምተናል። እያንዳንዱ ተዋሽ በወሰደው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ወረቀት አኑሯል፤ ወረቀቱ ላይ አርእስቱ፣ የደራሲው ስም ከነአባቱ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ዓመቱና የገጹ ብዛት ተጽፎበታል። እያንዳንዱን ወረቀት ራሴ አርሜዋለሁ። ከእርስዎ የምንፈልገው ወረቀቱን አይቶ የሚጽፍ ሁለት ሰው ለስድስት ቀን፣ መጻሕፍቱ የሚቀመጡበት የቀድሞ መደርደሪያቸውን፣ እንዲሁም ጋሽ መሳቢያን ከነሣጥናቸው በቦታቸው ነው። ይህ በፊርማዎ የተረጋገጠ ዕለት አንድም ሳይጎድል እንመልሳለን። እስከዚያው በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣን እናሳድሳለን። አብዛኞቻችን ጡረተኞች ነን፤ ጊዜ አለን።

የሥራ ብዛትዎን እያወቅሁ ይህን ያህል ገጽ ስላስነበብሁዎ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴው አጭር ስብሰባ፣ ለቢሮዎ ጎዳናም የማይፈነዳ ቧንቧ እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የአባልነት ቁጥር አርባ አንድ፣
ከመስኮቱ ሥር ሦስተኛው ወንበር

ሳልረሳው፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ የኮሚቴው የንጽጽር ሪፖርት አንድ ቅጂ ለአንባቢ ተወካይነቴ ተላከልኝ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ነው፤ ጥራዙም ያምራል። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት፤ ቁጥር የለውም። የሰኞው መኪና ያን ያህል መንገድ መጥቶ ባዶውን እንዳይመለስ፣ በገመድ አስሬ ከኮሪደሩ በር አጠገብ አስቀምጬላችኋለሁ።